ነጭ ሴራሚኮችሽ

ሰዓዳዬ፣ እህት ዓለም፣ እንዴት አደርሽ? ከተለየሽኝ ዛሬ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። አሁንም ጠዋት ስነሣ ቀድመሽኝ የተነሣሽ ይመስለኛል። ሳሎን ምንጣፉን ስታነጥፊ፣ ልጆቹ ሳይመጡ ሰሌዳውን ስትጠርጊ የምሰማሽ ይመስለኛል።

የቤቱን ወሬ ላጫውትሽ። አባዬ ደህና ነው። እንደ ድሮው ባሕራ ከተማ፣ ሴራሚክ ሱቁ ነው የሚሠራው። ብቻ አሁን ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኪሱ አይከትም፤ በእጁ ይዞ ነው የሚሄደው። ወረቀት ለሌላቸው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ካለቀ ወዲህ መንገዱ ሁሉ ፍተሻ ነው። ሰፈራችን ጃሚዓ ጭር ብሏል። ፎቅ ላይ ይኖሩ የነበሩት የቀን ሠራተኞቹ የወሎ ልጆች የሉም። ከአሥራ አራቱ ተማሪዎችሽ የቀሩት ስድስት ናቸው። የሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሹመይሲ፣ ተመላሾች ማቆያው ሄደው እጅ ሰጡ፤ ከዚያ በአውሮፕላን ሀገር ገቡ። የቀሩትም ሲመጡ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ አንቺ እንዳስለመድሻቸው የኹብዝ ፌስታል አንጠልጥለው ነው። ያያቸው ሰው ከዳቦ ቤት የሚመለሱ ነው የሚመስሉት።

ወረቀት ስለሌላቸው ትምህርት ቤት የማይቀበላቸውን ልጆች ሳሎናችን ሰብስበሽ ማስተማር ስትጀምሪ አሥራ ሁለተኛን ገና መጨረስሽ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ክፍልሽ ያስቀና ነበር። አይንጫጩም፣ አይነሡም፤ «ገባችሁ?» ስትያቸው ሁሉም «አዎ» ይላሉ። አባዬ በበሩ አጮልቆ «ማሻአላህ፣ ምን ዓይነት ጨዋ ልጆች ናቸው» ይል ነበር። ፈተና ስትሰጫቸው ግን ማካፈል የቻለ አንድም ልጅ አልነበረም። ያን ቀን ምሳ አልበላሽም።

ነገሩን የደረስሽበት ተማሪሽን ሐያትን እናቷ ይዛት ስትወጣ የነገረቻትን ሰምተሽ ነው። «በር ከተንኳኳ ዝም፤ ሰው ከጠየቀሽ አዎ በይ።» እነዚህ ልጆች ያደጉት እንዲህ እየተባሉ ነው። ዝም ማለታቸውን እኛ የገባቸው አድርገን ቆጥረነው ነበር። «ጥፋቱ የነሱ አይደለም፣ የኔ ጥያቄ ነው» አልሽኝ። እኔ ብሆን ልጆቹን እቆጣ ነበር።

ከዚያ አባዬን ጠርዛቸው የተሸረፈ ነጭ ሴራሚኮች አስመጣሽው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሴራሚክ፣ አንድ ማርከር፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅ። ትጠይቂያለሽ፤ ጽፈው ወደ ላይ ያነሣሉ፤ አይተሽ የሳተውን ታውቂያለሽ። ድምፅ የለም፣ ጎረቤት አይሰማም፣ የሚያፍርም የለም። ሌላ ቦታ ዝምታ ትምህርትን ይገድል ይሆናል። አንቺ ግን በዝምታው አስተማርሽበት።

እትዬ አልማዝን ታስታውሻለሽ? እንዴት ትረሻታለሽ። ሀገር ቤት አስተማሪ ነበረች፤ እዚህ ሰው ቤት ስታበስል ግን ለማንም አልተናገረችም። አንቺ ነሽ አውጣጥተሽ በእረፍት ቀኗ ጠመኔ ያስጨበጥሻት። ወንበር ይዘሽ ከክፍሉ ኋላ ስትቀመጪባት ፊቷ ተለወጠ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ በሀገሬ ከኋላዬ የተቀመጠ ሁሉ ስህተቴን መዝግቦ ለርዕሰ መምህሩ ሊያደርስ የመጣ ነው» አለችሽ። «እኔ ርዕሰ መምህር የለኝ፣ ለማን አደርሰዋለሁ? የማየውም አንቺን አይደለም፣ ልጆቹን ነው» አልሻት። ሲያልቅ መጀመሪያ ያማረውን፣ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ትነግሪያታለሽ። በሳምንቱ እሷ ላንቺ ትቀመጣለች። አንድ ቀን «አንቺ መልሱን የምታዪው ከፊት ካሉት ልጆች ብቻ ነው» ስትልሽ ደነገጥሽ፤ ከዚያ እየሳቅሽ ደብተርሽ ላይ ጻፍሽው። ከእሷ በዕድሜ ታንሻለሽ፣ ሥልጠና የለሽም፤ ግን ለመታረም አልከበደሽም።

ከልጅነትሽ ጀምሮ የነበረው የልብ ሕመም ሲወስድሽ መካ ወሰድንሽ፤ በሐረም መስጊድ ተሰገደብሽ። ስንት ሺህ ሰው እንደሰገደብሽ አላውቅም። ማን እንደሆንሽ ግን ከአባዬና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ለሁሉም ልነግራቸው አማረኝ። እትዬ አልማዝ ክርስቲያን ስለሆነች መካ መግባት አትችልም። ማታ ስንመለስ ቤታችን በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። «ልጆቹ መጥተው ነበር፣ አስተማርኳቸው። ሌላ ምን እንደማደርግላት ጠፋኝ» አለች።

አሁን እሷም ሄዳለች። ባለፈው ሳምንት ከሀገር ቤት ደውላ እንደገና ማስተማር መጀመሯን ነገረችኝ። ጎን ክፍል የምታስተምረውን ሴትዮ «ነይ ከኋላዬ ተቀመጪ፣ እኔም እቀመጥልሻለሁ» ብትላት ሴትዮዋ ምን አጥፍቼ ነው ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት አሉ። አሁን ሁለቱም ይቀማመጣሉ። ሰዓዳዬ፣ ሳሎናችን የጀመርሽው ነገር ባሕር ተሻገረ። ይህን አባዬ እራት ላይ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

ታዲያ የቀረሁት እኔ ብቻ ሆንኩ። ትምህርት ቤት በሌለኝ ቀን አስተምራለሁ አልኩ እንጂ ፈርቼ ነበር። ካልቻልኩ ልጆቹ ይቀራሉ፤ እነሱ ከቀሩ ክፍልሽ አለቀለት።

ቅዳሜ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ቆምኩ። ወንበርሽን ከኋላ፣ ቦታው ላይ አደረግኩት። ሃያ አምስትን ለስድስት ማካፈል፣ ቀሪው የት እንደሚሄድ አስረዳሁ። ጥሩ ያስረዳሁ መሰለኝ። ሲያልቅ አፌ አመለጠኝና «ገባችሁ?» አልኩ። ስድስቱም «አዎ» አሉ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ወንበርሽን አየሁና አፈርኩ።

ሴራሚኮቹን አደልኩና ሌላ ማካፈል ሰጠኋቸው። ጻፉ፣ አነሡ። የአምስቱ የተለያየ ቁጥር ነው፣ ሁሉም ስህተት። ከኋላ፣ ወንበርሽ አጠገብ የተቀመጠችው ሐያት ቁጥር አልጻፈችም። ለጠየቃት ሁሉ አዎ የምትለው ያቺ ልጅ፣ ሴራሚኳን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛለች። «አልገባኝም» ይላል።

ያስተማርሽውን አልረሳም፣ እህት ዓለም። ያማረውን፣ እውነቱን መጻፏን፣ መጀመሪያ ነገርኳት። ከዚያ ሰሌዳውን ጠረግኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።