በቅደም ተከተል የሚነበቡ ሦስት መጻሕፍት

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ ከብርዱ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ተኳርፈዋል? የግፊት መድኃኒትህንስ ቀን ሳትዘል ትወስዳለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ብቻ አይደለሁም፤ ሰሞኑን እግሬ መሬት አይረግጥም። ደብዳቤውን በወጉ «አንቱ» ብዬ ልጀምረው ነበር። ግን የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ቤትህ ስገባ፣ አንቱ አትበይኝ፣ ገና ጡረታ አልወጣሁም ብለህ የተቆጣኸኝ ትዝ አለኝና ተውኩት። ይኸው ጡረታም ወጣህ፣ እኔም አንተ እንዳልኩህ አለሁ።

በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። አየር ኃይል ሳለህ ጆሮህን ጄቶቹ ወስደውታል፤ እኔ ጮኼ ጎረቤት ሁሉ ሲሰማኝ አንተ ብቻ አትሰማኝም። ደግሞ ይሄ ጉዳይ እየጮኹ የሚያወሩት አይደለም።

ይህን ካርቶን የሚያደርስልህ ዘነበ ነው፤ ያ የደብረ ዘይት መስመር ሾፌር። ውስጡ ሦስት መጻሕፍት አሉ፣ ሦስቱም ስለ ጦር አውሮፕላንና ስለ አብራሪዎች። እንዳስተማርከኝ በአሮጌ ካላንደር ሸፍኜ፣ ጀርባቸው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። እለምንሃለሁ፣ በቅደም ተከተል አንብባቸው። መጨረሻውን አስቀድመህ የማየት አመልህን ስለማውቅ ሦስተኛውን በፕላስተር አሽጌዋለሁ።

አንደኛው «ዱቄትና ሰማይ» ይባላል። በጦርነት ጊዜ የጭነት አውሮፕላን ያበረረ ሰው ነው የጻፈው። አንዲት ጥይት አልተኮሰም፤ ዱቄት ጭኖ ይሄዳል፣ ቁስለኛ ጭኖ ይመለሳል። አንድ ቀን ጆንያው ተቀዶ አብራሪውም ረዳቱም ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ ሆነው ሲወርዱ፣ ቁስለኞቹ ሞተን መላእክት መጡልን ብለው የጮሁበት ገጽ አለ። እሱን ታክሲ ውስጥ ሳነብ እየሳቅሁ ሜክሲኮ መውረድ ረስቼ ሳር ቤት ደርሻለሁ። በዚህ ጀምር፣ ሆድህ ይፍታታ።

ሁለተኛው «ቆጥረን እንጠብቃለን» ነው። ይሄኛው ያንተ ነው ማለት ይቻላል፤ ደራሲው የአውሮፕላን ቴክኒሺያን ነበር። ስለ አብራሪ ጀግንነት ስንት ተጽፏል፤ ታች ቆሞ የሚጠብቀውን ግን ማን ጻፈው? ጠዋት አራት አውሮፕላኖች ይነሳሉ፣ ከሰዓት ሦስቱ ይመለሳሉ፣ ሰውየው የአራተኛውን ድምፅ ለመስማት ሜዳው ላይ ቆሞ ይመሽበታል። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ቴክኒሺያኑ ፈትሾ ቅጽ ላይ እንደሚፈርም፣ አብራሪውም ያንን ፊርማ አይቶ ብቻ እንደሚሳፈር የገባኝ ከዚህ መጽሐፍ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት አብሬህ ኖሬ አንተ አንድ ቀን አልነገርከኝም።

አሁን ልትቆጣኝ ነው፤ ግን ልናገረው። በ1970 አንተ የፈረምክለት አውሮፕላን ሞተሩ አየር ላይ ጠፋ። አብራሪው በጃንጥላ ወርዶ ነፍሱ ተረፈች፣ ግራ እግሩ አልተረፈም። የምርመራው ወረቀት የሞተር ብልሽት ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። የከሰሰህ አልነበረም፤ ግን ማን ነበር የፈረመው ሲባባሉ ሰማህና በገዛ ፈቃድህ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርክ። ይሄን የነገረችኝ ነፍሷን ይማረውና እናቴ ናት። ከዚያ ወዲህ ፊርማህን ያየ ሰው የለም። በሳምንት ሁለት መጽሐፍ የሚጨርስ ሰው ጡረታውን በአውራ ጣቱ ይቀበላል! የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ እንኳ ያለችው ጣትህ ናት። አስተማሪዬ፣ አጎትሽን ማታ ማታ ፊደል አስቆጥሪው ብላኝ ነበር። እንዳይከፋህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።

ሦስተኛው «የቀረው ነዳጅ» ይባላል። ደራሲው ሻምበል ሊካሳ ነው። አዎ፣ ያው ራሱ፣ እግሩን ያጣው አብራሪ። አትወርውረው! ቁጭ በል፣ ውኃ ጠጣና ቀጥል።

ካዛንቺስ የነበረችው የመጽሐፍ መሸጫ መደርደሪያዬ አካባቢው ሲፈርስ ተነስታ፣ ቂርቆስ የጓደኛዬ የራቢያ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ እንደገባች ነግሬሃለሁ። ስለ አብራሪ የጻፈም ማንበብ የፈለገም ዛሬም ወደ እኔ ይላካል፤ አንተ ባሳደግከኝ ልክ መደርደሪያዬ ግማሹ አውሮፕላን ነው። ግንቦት ላይ አንድ ሰው አምስት መጽሐፍ በፌስታል ይዞ መጣ። ካዛንቺስ ፈልጎኝ ባዶ ሜዳ ጠብቆት፣ ሲጠይቅ ሲጠይቅ ነው የደረሰብኝ። ሟች አባቴ የጻፈው መጽሐፍ ነው፣ ለሽያጭ አስቀምጪልኝ አለኝ። ገለጥ ሳደርገው ገጽ 112 ላይ ስምህ ከነአባትህ ተጽፏል።

አጎቴ፣ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ሻምበሉ እንዲህ ይላል፦ ሞተሩ አልተበላሸም ነበር። ከክንፍ ታንኩ ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚያዞረውን ማብሪያ በጥድፊያ ረሳሁት፤ ነዳጅ ተሸክሜ ሞተሬ በጥም ጠፋ። አውሮፕላኑ ስለተቃጠለ ያወቀብኝ የለም። ሲጠይቁኝ ሞተሩ ጠፋ ብዬ ዝም አልኩ፤ በዚያ ዝምታ የአንድ ንጹሕ ሰው እጅ አሰርኩ ይላል። ያንተን እጅ ማለቱ ነው። የፈረምከው ልክ ነበር! ይሄን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ልድገመው፤ የፈረምከው ልክ ነበር!

ያን ቀን ግን ደስታ ሳይሆን ንዴት ነው የቀደመኝ። ቱግ አልኩ። ሰውየውን ያላልኩት ነገር የለም፤ አባትህ እስኪሞት ድረስ በሌላ ሰው ስም ኖሯል፣ መጽሐፍህን ይዘህ ውጣ አልኩት። እስክጨርስ ቆሞ ሰማኝና፣ እውነትሽን ነው አለ። ከዚያ አባቱ ሁለት ጊዜ ቤትህ በር ድረስ መጥቶ እንደነበር ነገረኝ። አንደኛውን ጊዜ ሳያንኳኳ ተመለሰ። በሁለተኛው አንዲት ሕፃን ልጅ ከፈተችለትና አጎቴ የለም አለችው። ውኃ ለምኗት ጠጥቶ ሄደ። አጎቴ፣ ውኃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የምርኩዙ ድምፅ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ሰውየው በማግስቱ ተመልሶ መጣ። መጽሐፉ ተሸጦ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው አለ። በሦስተኛውም ቀን መጣ፣ በሳምንቱም። ራቢያ፣ ይሄ ሰው አምስት መጽሐፍ አስቀምጦ አምስት መቶ ጊዜ ይቆጥራል እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። ዝም በይ አልኳት። ስሙ ደቻሳ ነው። የውኃ መሐንዲስ ነው። እንደ አንተ የመጽሐፍ ገጽ የሚያጥፍ ሰው አይወድም። ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው። ይሄን ሁሉ ለምን እንደምጽፍልህ እንጃ፤ ለማንኛውም እወቀው ብዬ ነው።

ደቻሳ አባቴን ይቅር በይልኝ ብሎኝ አያውቅም። እሳቸው አንብበው ይፍረዱ ነው የሚለው። እኔም ብሆን ሻምበሉን ገና በሙሉ ልቤ ይቅር አላልኩትም። ያ ይቅርታ ያንተ ስለሆነ ልነካብህ አልፈለግሁም።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ጥቅምት 30፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቤትህ ይመጣሉ። መጽሐፍ ፈልገው አይደለም። ግቡ ብትላቸው ይገባሉ፤ ተቀመጡ ስትላቸው ግን ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ይላሉ። ጮክ ብለው እንዲናገሩ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ሦስተኛውን መጽሐፍ ሳትጨርስ መልስ እንዳትሰጣቸው። አንብበህ ልብህ እምቢ ካለ እንደቆሙ ይመለሳሉ፤ አለቅሳለሁ እንጂ አልቀየምህም። አባት ሆነህ ያሳደግከኝ አንተ ነህ፣ ካንተ ቃል አላልፍም። ቆማ ቀረች ብለህ የጨነቅህብኝን ግን አትርሳ!

ምርቃት ከልጅ ወደ አባት አይሄድም ቢባልም ልመርቅህ፤ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ጉልበትህን ያጽናው፣ የታሰረውን እጅህን ይፍታልህ።

የወንድምህ ልጅ

ይቺን ረስቼ፦ ዘነበ ከእነሱ አንድ ቀን ቀድሞ፣ ቅዳሜ ጠዋት መልስህን ሊወስድ ይመጣል። አንድ መስመር ይበቃኛል፤ ከሥሩ ማን እንደጻፈው ይታወቅ። የጣት ቀለም አልላክሁልህም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ብዕር ብቻ ነው።