ፊርማ የሚጠብቅ አምቡላንስ

…ያኔ ድንኳኑ ውስጥ የወታደሩን ሆድ ስትዳስስ ዓይንህን ትጨፍን ነበር። «ጤና መኮንኑ እንቅልፍ ወሰደው» እያልን ብናሾፍብህም አንድም ቀን አልሳትክም። ዛሬ ሳሌን ልታከም በገባሁበት የዚህ አገር ክሊኒክ ያንኑ አየሁ። አሥራ ስድስት ዓመት በጦር ሠራዊት ያገለገለች ጤና መኮንን የአንድ አናጺ ሆድ ላይ እጇን አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ትርፍ አንጀት ነው፤ ሳይፈነዳ ሆስፒታል ይድረስ» አለች።

አምቡላንሱ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ሹፌሩ ግን ያለ ዶክተር ፊርማ ንቅንቅ አይልም፤ ዶክተሩ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። እኛ ዘንድ አዛዡ እንኳ ባንተ ቃል ብቻ መኪናውን ይሰጥህ ነበር። እዚህ ያን ሁሉ ቁስለኛ ያዳነ እጅ አንዲት ወረቀት መፈረም አይችልም። ደሜ ፈልቷል። ይህን የምጽፍልህ አግዳሚው ላይ ነው፤ አናጺው አጠገቤ ያቃስታል።

የስልኬ ካርድ ሊያልቅብኝ ነው። የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፤ ልጆቹንም አገላብጠህ ሳም።

አሁን ደግሞ ጤና መኮንኗ ለሦስተኛ ጊዜ የስብሰባ ክፍሉን በር አንኳኳች። ዶክተሩ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ሐኪም ነሽ?»

«ሰውየው እኮ ይሞታል፣ ዶክተር።»

«ስንጨርስ አየዋለሁ አልኩሽ እኮ፣ እህቴ» ብሎ በሩን ዘጋው።