የገዛ አንጀቴን ያየሁ ዕለት

ወረታ፣ ኅዳር ፳፫ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ ለቄስ ገብረ ኪዳን
አሰላ

ሰላምታዬ ለአንተም፣ ለባለቤትህ ለአገኘሁሽም፣ ለልጆቹም ይድረስ። በሰው ፊት «አባ» እልሃለሁ፤ ዛሬ ግን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ ታናሼ ነህና አንተ እያልሁ እጽፋለሁ። ባለፈው የላክኸው ደብዳቤ ቀን የለውም። አባታችን ቢያየው መልሶ ያስጽፍህ ነበር።

እዚህ ደህና ነን። የርብ ወንዝ ዘንድሮ ሜዳው ላይ ተኝቶ ከረመ፤ አሁን ውኃው ሸሽቶ ሽንብራና ጓያ ተዘርቷል። ያ አዲሱ ሩዝም ደርሶ እየታጨደ ነው። ሴቶቹ ከጤፍ ይቀላቅሉታል፤ እኔ ገና አልለመድሁትም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የአክስታችን ልጅ ካሴ ከአንተ ዘንድ ሲመለስ እኔ ቤት አርፎ ነበር። «ወንድሜ እንዴት ሰነበተ?» አልሁት።

«ጉልበታቸውን አሟቸው ቅዳሴ ትተዋል።»

«ማኅሌትስ?»

«ማኅሌትማ ማን ችሏቸው! መቋሚያቸውን ይዘው እስኪነጋ ነው።»

የቄስ ልጅ እኮ ነኝ፣ ገብረ ኪዳን። ጉልበቱን የታመመ ሰው ማኅሌት ቆሞ አያነጋም። ካህንን ከመቅደስ የሚያስቀረው ከሰውነቱ የሚፈስ ደም ነው። አባታችንም በመጨረሻው ዓመት «ወገቤን» እያለ ከመቅደስ ቀርቶ ነበር። እናታችን ነገሩን ያወቀችው ልብሱን ስታጥብ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

እኔም ደም ማየት ከጀመርሁ ከርሜአለሁ። ስለዚህ በጥቅምት ከቀበሌ የይለፍ ደብዳቤ አውጥቼ አዲስ አበባ ልጄ ጥሩብርሃን ዘንድ ሄድሁ፤ ሐኪም ቤትም ታየሁ። ሁሉንም እነግርሃለሁ። የምነግርህም አንተ እንድትታይ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐኪሙ ዶክተር መንግሥቴ የደራ፣ የአንበሳሜ ከተማ ልጅ ነው። ጫፉ ላይ መብራት ያለበት ቀጭን ቱቦ በመቀመጫዬ አስገብቶ ትልቁን አንጀቴን እስከ መጨረሻው እንደሚያይ ነገረኝ። ደነገጥሁ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁ። እርሱ ግን ስለ በሬ ጥማድ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ አስረዳኝ። አንጀቱ ባዶና ንጹሕ ካልሆነ መብራቱ ምንም አያሳይም። ስለዚህ ፍሬና ገለባ ያለውን እህል ቀደም ብዬ መተው፣ በዋዜማው ፈሳሽ ብቻ መጠጣት፣ ማታ ደግሞ ጨው ጨው የሚል የሚያስቀምጥ መድኃኒት በብዙ ውኃ መውሰድ ነበረብኝ። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አይፈራውም፤ እንዲያውም ከኮሶ ይቀላል።

ዋዜማው ረቡዕ ነበር። ጾም ስለ ሆነ ተልባ ቆልቼ፣ ወቅጬ በጠበጥሁ።

«እማዬ፣ ፈሳሽ ብቻ ነው የተባልሽው» አለች ጥሩብርሃን።

«ተልባ ምንድን ነው? ቆሎ ነው?»

«ሐኪሙን ልጠይቅልሽ?»

«አንጀት የሚያለሰልስ ነገር ደግሞ ይጠየቃል?» አልሁና ጨለጥሁት።

በማግሥቱ ዶክተሩ ጥቂት እንዳየ ቱቦውን መልሶ አወጣው።

«እማማ፣ ምን ጠጥተው ነው የመጡት?»

«የታዘዝሁትን። ፈሳሽ።»

«ምን ዓይነት ፈሳሽ?»

«ተልባ።»

«እኔ የደራ ሰው ነኝ፤ የተልባ ማሳ ማየት ብፈልግ አገሬ እገባ ነበር!»

ነርሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። ገለባው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሁሉን ጋርዶታል አለኝ። ተመልሼ መድኃኒቱን እንደገና ጠጣሁ። በዚህኛው ከውኃና ከሻይ በቀር አፌ አልገባም፤ የሚወጣኝም እንደ ምንጭ ውኃ እስኪጠራ ድረስ ታገሥሁ።

ዓርብ ጧት በግራ ጎኔ አስተኙኝ። ነርሷ በአንሶላ ሸፈነችኝ፤ ከሚሠሩበት በቀር የተገለጠ የለም። ማተቤንም አላስፈቱኝም። መርፌ ወግተውኝ ሰውነቴ ላላ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። በቱቦው አንጀቴ ውስጥ አየር ሲነፉ ሆድን ይቆርጣል፤ አልዋሽህም። በረጅሙ ስተነፍስ አለፈ። ጥርሴን ያስነቀልሁ ጊዜ የባሰ አሞኛል።

መሣሪያው ለተማሪዎች የሚያሳዩበት ሌላ መመልከቻ ነበረው። «ልጄ፣ ለእኔም አሳየኝ» አልሁት።

«አይፈሩም?»

«የራሴ ሆድ አይደለም እንዴ?»

ዓይኔን አስጠጋሁ። ገብረ ኪዳን፣ ምን ብዬ ልጻፍልህ? አስቀያሚ ነገር ጠብቄ ነበር። ያየሁት ግን እንደ ሕፃን ከንፈር የቀላ፣ እርጥብ፣ የሚያበራ ዋሻ ነው። ከጣራ ገዳም ተራራ ላይ ሆነን በክረምት ሜዳውን ስናይ ውኃው እየተከፋፈለ እንደሚሄደው፣ ደም ሥሮቹም በግድግዳው ላይ እንዲሁ ተዘርግተዋል። ደግሞ ይንቀሳቀሳል! ማንም ሳያዘው ይጠባል፣ ይሰፋል። ስቆጣም፣ ስተኛም፣ ስጸልይም ሥራውን ሲሠራ ኖሯል። ይህን ሁሉ ዘመን ይዤው ስዞር ስለ እርሱ ፈጣሪዬን አንድ ቀን አላመሰገንሁም። ከተፈጠርሁ ጀምሮ ጨለማ በነበረ ቦታ ብርሃን ገብቶ አየሁ። እንባዬ መመልከቻውን አረጠበው፤ ዶክተሩም ጠረገው።

ከዚያ «እቻትልዎ» አለኝ። የሽንብራ ፍሬ የምታህል ሥጋ በቀጭን ግንድ ተንጠልጥላለች። በሽቦ ቀለበት ጠልፎ ቆረጣት፤ አልተሰማኝም። ተመርምራ ክፉ ነገር አልተገኘባትም፤ ብትቆይ ግን ወደ ክፉው ልትለወጥ ትችል ነበር። ቀጥሎም ነገሩ በዘር እንደሚሄድ ነግሮኝ፣ «ወንድም እኅት አለዎት?» ሲል ጠየቀኝ።

«አንድ ቀርቶኛል» አልሁት።

ሳላማክርህ ስምህን ሰጥቻለሁ። ቀጠሮህ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ ነው። ብትቆጣም ተቆጣ። ደሙ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ግን ሳይታዩ አንተም እኔም ልናውቅ አንችልም። ለአባታችን እንዲህ ያለ ብርሃን አልነበረም። ለአንተ ግን አዲስ አበባ ከአሰላ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ቀድሜህ ጥሩብርሃን ዘንድ እገባለሁ። መድኃኒቱን ስትጠጣ ውኃውን እኔ እቀዳልሃለሁ። ወደ ውስጥ ሲያስገቡህ ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው።

በውስጥህ ያለውን ሁሉ የሠራ አምላክ ይጠብቅህ፤ ቤትህንም በሰላም ያሰንብትልህ።

ታላቅ እኅትህ
አመተ ሥላሴ