ለቤተሰብ ተስማሚ የተባለው ጠለፋ

ክቡር የፊልም ገምጋሚ ቦርድ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ በተለይም ሴት ልጆችዎ፣ በሰላም ወጥተው በሰላም እንዲገቡ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከአንድ ሲኒማ ቤት የማሳያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ያልወጣሁ ሠራተኛ ነኝ። ቦርድዎ «ለቤተሰብ ተስማሚ» ብሎ ያሳለፈውን የፍቅር ፊልም ሰባት ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ ስላሳየሁት፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እንዳለብኝ ተሰማኝ።

1. ልጅቱ አላገባህም ካለች በኋላ አራት ጎረምሶች አንጠልጥለው መኪና ውስጥ ሲከቷት የምታሰማው ጩኸት «ተመልካች ይረብሻል» ተብሎ በቦርድዎ ማሳሰቢያ ወጥቶ፣ በምትኩ ቫዮሊን ገብቷል። አፈናው ማንንም ስላልረበሸ እንዳለ ቀርቷል። አዳራሹ እዚህ ላይ ያጨበጭባል። ለጆሯችን ስለተጨነቃችሁ እግዜር ይስጥልን።

2. ጠላፊው በሦስተኛው ቀን አበባ ይዞ ሲገባ ልጅቱ ፈገግ ትላለች። ከለቅሶ ወደ ፈገግታ ለመድረስ አራት ደቂቃ ይበቃታል፤ በሰዓቴ ይዤዋለሁ። ታላቅ እህቴ በአሥራ ስድስት ዓመቷ እንዲሁ ተወስዳ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናት፤ አራቱ ደቂቃ ገና አላለቀላትም።

3. የዚህችው እህቴ ልጅ እኛው ዘንድ ትኬት ትሸጣለች። አንድ ባለጋራዥ ላግባሽ ብሏት አይሆንም አለችው። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን አሥራ አንድ ጊዜ አይቶታል። ባለፈው ማክሰኞ ትኬቱን ሲቀበል «ያቺም መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር እኮ፣ የኔ እመቤት» አላት። «እሷ ተከፍሏት ነው» ብላ መለሰችለት። እሱ ሳቀ። አብረውት የመጡት ሦስት ጓደኞቹ አልሳቁም፤ የጓሮው በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጥበቃውን ጠየቁት።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አመለከትሁ። ተረኛው በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ «ጋሼ፣ ሰውየው ፊልም ነው ያየው። ፊልም ማየት ወንጀል ነው እንዴ? ደግሞ ጥሩ ፊልም ነው፤ ባለቤቴን አስለቅሷታል» አለኝ። የቦርድዎ ማኅተም ይህን ያህል ርቆ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። የእህቴን ልጅ ለጊዜው ከሥራ ቅሪ ብላት፣ «ቤትም እኮ በር አለው፣ አጎቴ» አለችኝ። ፊልሙ እንዲነሳ የለመንኋቸው ሥራ አስኪያጃችንም «ቦርዱ ያሳለፈውን የምከለክል እኔ ማን ነኝ?» አሉኝ። ስለዚህ ዞሬ እርስዎኑ እለምናለሁ፤ ፈቃዱን መልሰው ይመርምሩት።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ቦርድዎ የፈቀደውን ሁሉ ሳያጓድል የሚያሳየው ታዛዥዎ፣
የማሳያ ክፍሉ ሠራተኛ

ተጨማሪ፦ ዓርብ ፊልሙን ለማክበር በሚደረገው ዝግጅት የቦርድዎ አባላት የክብር ካርዳቸውን ከትኬት መስኮቱ ይወስዳሉ። መስኮቱ ላይ በእህቴ ልጅ ፈንታ ሌላ ሰው ካገኛችሁ አትደናገጡ። በግምገማ ቅጻችሁ ስለ ፊልሙ ፍጻሜ «አስደሳች» ብላችሁ ጽፋችኋል፤ እኛም ለእናቷ የምንነግራት ይህንኑ ይሆናል።