ሁለተኛው ዓይንሽ

ጌጃ ሰፈር፣ ልደታ
መጋቢት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

የምወድሽ ልጄ ሶሲ፣

ጅማ ዝናቡ ጀመረ ወይ? እኛ ጾሙን ይዘን ደህና ነን። እናትሽ ወገቧን ትንሽ ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው፤ በየቀኑ ትቆጣኛለች። ይህን ደብዳቤ ስታዪ "ምን ነካው፣ ስልክ እያለ?" ትይ ይሆናል። ስልክ ላይማ አራት ዓመት ሙሉ "ደህና ነሽ?" ብዬ ለእናትሽ ማቀበል ነው ሥራዬ። አፌ አልታዘዝ ሲለኝ እጄን ልሞክር ብዬ ነው።

ሰፈራችን ሊፈርስ ነው። ኮንዶሚኒየም ይሠራበታል ተብሎ በራችን ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቷል። ቀለሙ ቀጥኖ ይወርዳል፣ የቀባው ሰው ሥራ አይችልም። የእድሩ አዳራሽም ከፋሲካ በኋላ ይፈርሳል፤ ግድግዳው ላይ የሣልኩት የሰፈሩ ድግስ አብሮ መሄዱ ነው።

የቴሌቪዥን ሰዎች ቤታችን የመጡ ቀን ትዝ ይልሻል? ሥዕል ከማን እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ፣ "ጎንደር፣ አለቃ ደገፋ ከሚባሉ መምህር ዘንድ ሰባት ዓመት" ብዬ ቀደድኩት። አንቺ በሩ ላይ ሆነሽ ሳቅሽና፣ "አባዬ፣ ጎንደርን መቼ ረግጠሃት ታውቃለህ?" ብለሽ ወደነሱ ዞረሽ፣ "ማንም አላስተማረውም እኮ፣ ራሱ ነው የተማረው" አልሻቸው።

እውነትሽን ነበር። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር የሱቅ በር ስቀባ ሰንብቼ፣ እሑድ እሑድ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን እያየሁ ነው የለመድኩት። ደግሞም በኩራት ነበር ያልሽው፤ ዛሬ ነው የገባኝ። ያኔ ግን በእንግዳ ፊት ያዋረድሽኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ።

በዚያው ሰሞን የአዳራሹን ግድግዳ እሥል ስለነበር ቂሜን በብሩሽ ተወጣሁት። በድሮዎቹ ሥዕሎች ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ሰው ፊቱን አዙሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህን በልጅነትሽ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ፣ በሚዛን የሚያጭበረብረውን ባለ ወፍጮ ሳይቀር፣ ሁለት ሁለት ዓይን ሰጠሁት። አንቺን ብቻ በሩ አጠገብ ባለ አንድ ዓይን አድርጌ ሣልኩሽ።

አዳራሹ የተመረቀ ቀን ሰው ሲያጨበጭብ፣ አንቺ ፈልገሽ ራስሽን አገኘሽው። አልተቆጣሽም። ነጠላሽን አስተካክለሽ ወጣሽ፤ በወሩ የጅማውን የአስተማሪነት ሥራ ተቀበልሽ። የእድሩ ሊቀመንበር ሁመድ አጠገቤ ቆሞ፣ "ወልዴ፣ ይቺ ልጅ ምን በደለችህ?" አለኝ። "ቦታ ጠቦኝ ነው" አልኩት። አላመነኝም።

ባለፈው ሳምንት የአዳራሹን ቁልፍ ከሱ ተቀብዬ ገባሁ። ሁለተኛውን ዓይን ልጨምርልሽ ነበር። ለካ አይጨመርም፤ ፊቱ ዞሮ ስለተሣለ ከነጭራሹ መፋቅ አለበት። ፋቅሁት። ከዚያ ቀለሙን በጥብጬ ቆሜ ቀረሁ። አፍንጫሽን አውቀዋለሁ፣ ቅንድብሽን አውቀዋለሁ፤ ፊት ለፊት ስታዪኝ ግን አልመጣልኝ አለ። የሚመጣልኝ ያን ቀን ስትወጪ ያየሁት ጀርባሽ ነው። ሦስት ቀን ሞከርኩ። አሁን ከሰፈሩ ሰው መሀል ፊት የሌለሽ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ጭራሽ አበላሸሁት።

በድዬሻለሁ ልጄ። ይቅር በይኝ።

አንድ ጉርድ ፎቶ ላኪልኝ፣ ፊት ለፊት የተነሣሽውን። በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው ብትሰጪው ይደርሰኛል። ሥራሽን ትተሽ ነይ አልልሽም፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ለሚፈርስ ግድግዳ ምን አደከመው ብለሽም አትሳቂብኝ። ለአንድ ቀንም ቢሆን ሰፈርሽ በሁለት ዓይንሽ ይወቅሽ።

ልደታ ማርያም ከፊት ከኋላሽ ትሁን። ተማሪዎችሽ ቃልሽን የሚሰሙ ይሁኑልሽ፣ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ።

አባትሽ ወልደ ሚካኤል፣
ማንም ያላስተማረው ሰዓሊ

ልረሳው ነበር፤ ትንሽ ሳለሽ ስሥልሽ የምትቀመጪባትን በርጩማ ከቤት አምጥቼ አዳራሹ ውስጥ፣ ግድግዳው ፊት አስቀምጫታለሁ። ለኔ ማረፊያ ነው፤ ቆሜ መሥራት ደክሞኛል።