የባለቤቴ የኤይቪን ፎቶግራፍ ከቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ እንዲወርድ

ለስቱርቪክ ከተማ አስተዳደር የባህል ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክብርት ወይዘሮ ቱሪል ፍላትበርግ
ስቱርቪክ፣ ኖርዌይ

ቀን፦ ሜይ 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ የተሰቀለ የሟች ባለቤቴ ፎቶግራፍ እንዲወርድልኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

እኔ አመልካች ሲግሪ ኑርሄም የሟች ኤይቪን ኑርሄም ባለቤት ነኝ። ኤይቪን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ወደ ወደባችን የሚገቡትን መርከቦች እየመራ ሲያስገባ የኖረ ሰው ነው። በኋላ የመርሳት ሕመም ያዘው። መጀመሪያ ቁልፉን፣ ቀጥሎ የቤቱን መንገድ፣ በመጨረሻም የልጃችንን ስም ረሳ።

1. ባለፈው ኖቬምበር አንድ ማለዳ፣ እኔ ምድር ቤት ልብስ ሳጥብ በሩን ከፍቶ ወጣ። በዝናብ፣ በሌሊት ልብሱና በባዶ እግሩ፣ ዓሣ እስከሚራገፍበት የወደቡ ጫፍ ድረስ ሄደ። ሱሪውን አርጥቦ ነበር። ፈልጌ አግኝቼው ካፖርቴን እስካለብሰው ድረስ ሰው ቆሞ ያየው ነበር። ከቆሙት አንዱ፣ ፎቶግራፍ አንሺው አቶ ሃልቫር ሚረ፣ በዚያው ሁኔታ ላይ እንዳለ አነሣው።

2. ፎቶግራፉ ጽሕፈት ቤትዎ ባዘጋጀው ውድድር አሸንፎ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ በትልቁ ተሰቀለ። እኛን የጠየቀን የለም። የሰማሁት ከጎረቤቴ ከቡዲል ነው። «ሲግሪ፣ ኤይቪንን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ድንገት አይተሽው እንዳትደነግጪ ብዬ ነው» አለችኝ።

3. አቶ ሃልቫር ዘንድ ሄድኩ። ክፉ አልተናገረኝም። «ወይዘሮ ሲግሪ፣ መንገድ ላይ ነው ያነሣኋቸው፤ ቤታችሁ ገብቼ አይደለም። መንገድ ላይ ያለ ሰው አይነሣ ከተባለ ከእንግዲህ የማነሣው ድንጋይ ብቻ ነው» አለኝ። ይህን አባባሉን አላቃልልም፤ ካሜራው ይነጠቅልኝም አልልም። ነገር ግን ማንሣት ሌላ፣ መስቀል ሌላ ነው። ጽሕፈት ቤትዎም በስልክ ስጠይቅ «ቦታው የሕዝብ ነው» ብሎ መልሶልኛል። ቦታው የሕዝብ ነው፤ ባለቤቴ ግን የሕዝብ አልነበረም። ፈቃድ መስጠት ይቅርና፣ ፊቱ የተደገነው ነገር ካሜራ መሆኑን እንኳ የማያውቅ ሕመምተኛ ነበር።

4. በማርች ወር፣ ኤይቪን የገባበት የአረጋውያን መኖሪያ አዛውንቶቹን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይዟቸው ሄደ። እኔም ክንዱን ይዤ አብሬው ነበርኩ። በሌላ በር እናስገባው ብል ተቆልፏል ተባለ። ፎቶግራፉ ፊት ሲደርስ ቆመ፤ አልሄድም አለ።
«ምስኪን! ይሄን ሰውዬ የሚሰበስበው ዘመድ የለውም?» አለኝ።
«አለው» አልኩት።
«ታዲያ የት ሄዱ?»
ክብርት ሆይ፣ አቤቱታዬን እስከዛሬ ያዘገየሁት ይህን መጻፍ ከብዶኝ ነው።

5. ኤይቪንን በኤፕሪል ቀበርነው። አቶ ሃልቫር መቃብሩ ድረስ መጥቶ ነበር። ሰው ሲበተን ቀረብ ብሎ፣ በውድድሩ ደንብ መሠረት ፎቶግራፉ የከተማው ስለሆነ እሱ ሊያወርደው እንደማይችል ነገረኝ። ቀጥሎም፣ «ከሥሩ ‹ባሕሩን የሚጣራ ሽማግሌ› ተብሎ የተጻፈውን እኔ አይደለሁም ያልኩት። እኔ የሰማኋቸው ‹ሲግሪ! ሲግሪ!› ሲሉ ነው። የሚጠሩት እርስዎን መሆኑን ያኔ አላወቅኩም ነበር» አለኝ። ያን ቀን ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም።

ስለዚህ ፎቶግራፉ ከግድግዳው እንዲወርድልኝ፣ ለበጋው የከተማ መጽሔት ተመርጧል የተባለውም እንዲቀርልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ይህ በደንባችሁ አይቻልም የምትሉኝ ከሆነ ግን፣ ቢያንስ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይፋቅልኝ። ኤይቪን ባሕርን ጠርቶ አያውቅም። ይጣራ የነበረው ሚስቱን ነው።

ምላሽዎን በጽሑፍ እንዲያደርሱኝ እየለመንኩ፣

ከሰላምታ ጋር

ሲግሪ ኑርሄም
(ፊርማ)