የጉጠቱ ዓሦች

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል እማዬ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣቱን እንዴት ያዘው? ግራ ዓይንሽስ አሁንም የሰው ጥላ ይለያል ወይስ እሱም እንደ ቀኙ ተከደነ? ይህን የምታነብልሽ ታናሽ እህቴስ እንዴት ናት? አደራ፣ እንደ ባለፈው ክፉ ክፉውን እየዘለለች እንዳታነብልሽ፤ የዛሬው ደብዳቤ ክፉ ክፉው ከተዘለለ ምንም አይተርፈውም። እኔ ከናፍቆትሽና ከአንድ የጥርስ ሐኪም በስተቀር ደህና ነኝ።

ዓይንሽ ተቀዶ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው ያንቺን ፊት ነው ብለሽ አስጽፈሽልኝ ነበር። ያን ካነበብኩ ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ የሁለት ወር ፈቃድ ማግኘት ሆነ። ፈቃዱ ያለው ደግሞ ክሊኒኩን በማጸዳለትና መሣሪያውን በምቀቅልለት ሐኪም እጅ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እሰጥሻለሁ ሲለኝ ኖሯል፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እሱ በሌለበት እኛ ሠራተኞቹ ጉጠቱ ነው የምንለው፤ የያዘውን አይለቅም፣ ምን እንደያዘ ግን አያውቅም።

በመጠበቂያ ክፍሉ የባሕር ውሃ የተሞላ ሰፊ የመስታወት ገንዳ አለ። በሽተኛው ዓሣ እያየ ሕመሙን እንዲረሳ ነው ይላል። ሕመሙን ለመርሳት የተሻለው መንገድ ሌላ ሐኪም መፈለግ ነበር። ከሁለት ወር በፊት መዳፍ የሚያካክሉ ስምንት ብርማ ዓሦች ገዛ። እነዚህ ዓሦች የሚያድጉት ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ ጨውነቱ ግማሽ በሆነ ውሃ ነው። የሸጠለት ሽማግሌ ጥርስ የለውም፣ ልብ ግን አለው። ባሕር ውሃ ውስጥም መኖር ይችላሉ፣ ብቻ ጨዉን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመርክ አለማምዳቸው ብሎ እኔ እየሰማሁ ነገረው። ጉጠቱ ሳቀ። እሱ በአንድ ቀን ነቅሎ በአንድ ቀን የሚተክል ሰው ነው፤ ለዓሣ ብሎ ሳምንታት ሊጠብቅ? በዚያው ከሰዓት ስምንቱንም ገንዳው ውስጥ ገለበጣቸው። በማግስቱ ሁለቱ በጎናቸው ተንሳፈው ተገኙ።

ታዲያ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑን በሽተኞች ፊት አወጀ። የወለል ሳሙና እጇ ላይ ኖሮ ውሃውን መርዛዋለች አለ። እኔ እጄን እዚያ ገንዳ ውስጥ ነክሬ አላውቅም። የፈቃዴን ነገር ሳነሳበት፣ የቀሩት ስድስቱ እስከ ጥር መጨረሻ ከቆዩ ትሄጃለሽ፣ አንድ እንኳ ከሞተ ግን እርሺው አለኝ። እንዲህ አድርጎ ያንቺን ዓይን ከስድስት ዓሣ ጋር አሰረው። እማዬ፣ እንዲህ ባለ ሰው መናደድ ራሱ እሱን ማክበር ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ገንዳውን አላስነካ አለኝ። ውሃው ከላዩ በሚበራው አምፖል ሙቀት በየቀኑ ጣት ያህል ይተናል። ጉጠቱ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ በጀሪካን የተገዛ የባሕር ውሃ እያመጣ የጎደለውን ይሞላል። የባሕር ገንዳ የሚሞላው በባሕር ውሃ ነው ይላል። አንቺ ሾርባው ሲመጥብሽ ባዶ ውሃ ትጨምሪ ነበር እንጂ ጨው አትደግሚም። ውሃው ነው እንጂ የሚሄደው፣ ጨው የትም አይሄድም ብለሽ በቁንጥጫ ያስተማርሽኝ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ይህ ሰው ግን ስንት ዓመት ተምሮ ያንቺን ምድጃ ያህል እንኳ አላወቀም።

የገንዳው ጠርዝ ነጭ የጨው ቅርፊት ጋገረ። ውሃው ውስጥ የተተከለው የጨው መለኪያ ቀስት ቀዩን መስመር አለፈ። ጉጠቱ መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ጣለውና ሌላ ገዛ። ሁለተኛውም ያንኑ ስላሳየ ተጣለ። ሦስተኛውም ያው። ሦስት መለኪያ ዋሽቶ እሱ ብቻ እውነተኛ ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን ደፍሬ ባዶ ውሃ ብንጨምርበትስ አልኩት። ጽዳት ሠራተኛ ስለ ባሕር ምን ታውቃለች ብሎ ተራ የምታስይዘውን ልጅ ጠቀሳት፤ እሷም እንደ ልማዷ ሳቀችለት። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነውና ተውኩት። ዓሦቹ ግን ክንፋቸውን ሰብስበው፣ መልካቸው ጠቁሮ ጥግ ለጥግ መሸሸግ ጀመሩ።

ስለዚህ ሌባ ሆንኩ። ከእሱ አንድ ሰዓት ቀድሜ እገባና ከገንዳው አንድ ጆግ ውሃ እቀዳለሁ፤ በምትኩ የክሎሪን ሽታው እንዲለቅ በባልዲ ያሳደርኩትን የቧንቧ ውሃ አንድ ጆግ እጨምራለሁ። ከዚያ በላይ አልደፈርኩም። የሽማግሌው የቀስ በቀስ ምክር ጨው ለመቀነስም የሚሠራ መሰለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ቀስቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ዓሦቹም እንደታጠበ ማንኪያ እያበሩ ተያይዘው መዞር ጀመሩ።

ጉጠቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? መለኪያው ራሱን አስተካከለ አለ። አፉ በጥጥ ለተሞላ በሽተኛ ሁሉ ዓሦቹን እንዴት እንዳዳናቸው ይተርክለታል፤ ምስኪኑም አፉን ከፍቶ ከመስማት በቀር ምን ምርጫ አለው። እኔ ወለሌን ወለወልኩ።

ትናንት ጥር አለቀ። ስድስቱን በጣቱ እየጠቆመ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸውና ወረቀቱን ፈረመልኝ። እግረ መንገዱንም፣ እኔ ስሄድ ገንዳው ከሳሙና እንደሚያርፍ ነገረኝ። አመሰገንኩት። አንገቴን ደፍቼ እንዴት እንዳመሰገንኩት ብታይ ታፍሪብኝ ነበር፤ እኔም አፍሬያለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ጓዳ ስገባ ግን ዓሦቹ ትዝ አሉኝ። እኔ ከሄድኩ ጨዉን የሚቀንስላቸው የለም፤ ሁለት ወር አይቆዩም። የራሱ ጉዳይ፣ ይሙቱበት ልል ቃጣኝ። ግን እነሱ ምን አጠፉ? ለሁለት ወር እንዲበቃው ያስመጣው አሥራ ሁለት ጀሪካን የባሕር ውሃ ግድግዳው ሥር ተደርድሮ ነበር። ትናንት ማታ ሠራተኞቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ ውሃውን ደፋሁና ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ በቧንቧ ውሃ ሞላኋቸው፤ ክዳናቸው ተከፍቶ አደረ። ዛሬ ጠዋት ከድኜ፣ የባሕር ውሃ የሚለውን ጽሑፍ ወደ ፊት አዙሬ እንደነበሩ አሰለፍኳቸው።

እንግዲህ ሁለት ወር ሙሉ ጋዋኑን ለብሶ የቧንቧ ውሃ ሲቀዳ ይክረም። ይነቃል ብለሽ አትስጊ። አንቺ ዓይንሽ ከደከመ ወዲህ እንኳ ሳትቀምሺ ድስት አታወጪም፤ እሱ ግን ጣቱን ነክሮ አይቀምስም፣ አዋቂ ነዋ። ስመለስ ዓሦቹን ደህና ካገኘኋቸው ሳሙናው ስለራቀላቸው ነው ይለኛል። ይበል።

ታናሽ እህቴን ስላነበበችልሽ ጉንጯን ሳሚልኝ። ለባሏም ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ ሶፋው ላይ ከተቀመጠበት ከተነሣ። በዚህ ዕድሜዋ ዓይን ምን ያደርግላታል ላለው አጎቴ ደግሞ፣ ያንተን ፊት ለማየት ከሆነ እውነትም አያስፈልጋትም ብላለች በይልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ናፍቆቴን ንገሪያት።

ከቀዶው በፊት ባለው ምሽት እደርሳለሁ። የዓይን ሐኪሙን እመኚው፣ ሐኪም ሁሉ ጉጠት አይደለም፤ ፋሻውን ግን እኔ ፊትሽ ሳልቀመጥ እንዳይፈታልሽ። ፀጉሬ ከፊት ሸብቷልና አትደንግጪ። እጄም በሳሙናና በጨው ተሰነጣጥቋል፤ እሱን ግን ዓይንሽ ሳይገለጥ በፊት ዳሰሽ ታውቂዋለሽ።

ልጅሽ

ከክሊኒኩ ጓዳ፣ ከጀሪካኖቹ አጠገብ
ሐሙስ፣ የካቲት 1 ቀን